የብሩስተር ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1929 ዲትሮይት ውስጥ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተጨናንቀው ይኖሩበት በነበረው የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ብሩስተር የሚባል የመዝናኛ ማዕከል ተከፈተ። ጥቁር ሰው በየቦታው እንደልቡ በማይገባበት በዚያ ዘመን ብሩስተር የእነሱ ነበር። ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበታል፣ ይዋኙበታል፣ ቦክስ ይማሩበታል። የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ከደቡብ የጥጥ እርሻ ተነቅለው የመኪና ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። በዚያው ዓመት ማብቂያ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ መበተን ጀመሩ። መሄጃ ያጣ ወጣት ጂም ውስጥ መዋል ልማዱ ሆነ።

ስለ ዓለም ቦክስ ሳነብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህች ቤት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የተገናኙ ሦስት ልጆች ታሪክ በኋላ በኒው ዮርክ፣ በማኒላ፣ እንዲያውም ባልታሰበ መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ዓ.ም. እላለሁ።

የመጀመሪያው ልጅ ጆ ሉዊስ ባሮው ነው። በ1914 አላባማ ውስጥ፣ ጥጥ በሚያርስ ቤተሰብ ተወለደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ዲትሮይት ሄደ። ዝምተኛ ነበር፤ ትምህርቱም አልሆነለትም። እናቱ ልጄ መንገድ ላይ እንዳይቀርብኝ ብላ ለቫዮሊን ትምህርት የሚከፍለው ሳንቲም ትሰጠው ነበር። ቱርስተን ማኪኒ የሚባል ጓደኛው አንድ ቀን ወደ ብሩስተር ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ የቫዮሊኑ ገንዘብ የጂም ክፍያ ሆነ። ከአንዲት ድሀ እናት መቀነት የወጣው ሳንቲም ለታሰበለት ነገር ባይውልም፣ በከንቱ አልጠፋም። በ1932 በመጀመሪያው የአማተር ግጥሚያው ያጋጠመው ጆኒ ማይለር የሚባል፣ ለአሜሪካ የኦሎምፒክ ቡድን የተመረጠ ቦክሰኛ ነበር። ማይለር ሰባት ጊዜ ዘረረው።

ሁለተኛው ኤዲ ፈች ይባላል። ሚሲሲፒ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ዲትሮይት የመጣ፣ ከጆ በሦስት ዓመት የሚበልጥ፣ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረ ወጣት ነው። ቅርጫት ኳስ ይወድ ነበር፤ ቦክስ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ሚዛኑ ቀላል ሚዛን፣ 61 ኪሎ አካባቢ። ጆ ያኔ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። እንዲህ ዓይነት ሁለት ሰዎች ለልምምድ አይጋጠሙም። ጆ ግን ከጠንካራ ግጥሚያ በፊት የሚፈልገው ኤዲን ነበር። ፈች ሸምግሎ ይህን ሲያወራ፣ ለምን እኔን ትላለህ ብሎ ጠይቆት እንደነበር ይናገራል። የጆ መልስ አጭር ነበር፤ አንተን መምታት ከቻልኩ የማልመታው ሰው የለም።

ይህችን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። ከጆ ሉዊስ ፊት በየሳምንቱ የሚቆም 61 ኪሎ ሰው በጉልበት ሊተማመን አይችልም። የሚያድነው ዓይኑ ነው። ትከሻው ሲነቃነቅ፣ የእግሩ ጣት ሲዞር፣ ቡጢው ገና ሳይነሳ ማየት አለበት። ፈች ከዚያ በኋላ በባለሙያነት አልተጋጠመም፤ ሐኪሞች ልቡ ላይ እንከን አግኝተው ከለከሉት። ዓይኑ ግን ቀረለት፤ ስድሳ ዓመት ሙሉም ከዚያ ዓይን እንጀራ በላ።

ሦስተኛው ገና ሕፃን ነው። ዎከር ስሚዝ ይባላል፤ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመቱ። ጆ በመንገዱ ሲያልፍ ተከትሎ ቦርሳውን ይሸከምለት እንደነበር እሱ ራሱ በኋላ ተርኳል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ጓንት፣ ቁምጣና ፎጣ ነው። ለዚያ ልጅ ግን ታቦት እንደመሸከም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1932 እናቱ ይዛው ወደ ኒው ዮርክ ሄደች፤ ሃርለም ገባ። እዚያ በሌላ ልጅ የአማተር መታወቂያ ካርድ ስም ተጋጠመ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ሬይ ሮቢንሰን የሚል ነበር። እንደ ስኳር ይጣፍጣል ተባለለትና ዓለም ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ብሎ አወቀው።

ጆ ሉዊስ በ1934 ወደ ቺካጎ ሄዶ ባለሙያ ሆነ። የተቀበለው አሰልጣኝ ጃክ ብላክበርን፣ ሰው ገድሎ እስር ቤት የቆየ፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት የድሮ ቦክሰኛ ነበር። ብላክበርን መጀመሪያ አልፈለገውም። ከጥቁሩ ሻምፒዮን ከጃክ ጆንሰን በኋላ ጥቁር ሰው ለከባድ ሚዛን ዋንጫ አያደርሱትም፤ ለምን እለፋለሁ ይል ነበር። ደመወዙን ተማምኖ ገባ። ሲያየው ግን የልጁ እጅ ከባድ፣ እግሩ ግን ያልጸና ነው። ብላክበርን ወራት ሙሉ ያስተማረው አቋቋም ነው፤ መትተህ እንዳትንገዳገድ፣ መትተህ ለሁለተኛው ዝግጁ ሁን። ከዚያም አንድ ነገር መከረው፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጡኛል ብለህ አትጠብቅ፣ ዳኛህ ቡጢህ ይሁን። ሁለቱ ተዋደዱ። እርስ በርስ ቻፒ ይባባሉ ነበር፣ ሽማግሌውም ልጁም በአንድ ስም።

በአንድ ዓመት ውስጥ ጆ በያንኪ ስታዲየም ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር እንዲገጥም ተፈረመ። ታሪኩ ወደ እኛ የሚታጠፈው እዚህ ላይ ነው።

ካርኔራ ጣሊያናዊ ነው፤ 118 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ሰው። በ1933 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ የሙሶሊኒ መንግሥትም መመኪያው አድርጎት ነበር። ግጥሚያው የተደረገው ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከወልወል ግጭት ሰባት ወር እንኳ አልሞላውም። ሙሶሊኒ ሠራዊቱን በመርከብ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ እያጓዘ ነበር። በሃርለም ቤተ ክርስቲያኖችና የጎዳና ስብሰባዎች የሚነሳው ስም ኢትዮጵያ ነው። ዘምተን እንዋጋ የሚሉ ጥቁር አሜሪካውያን ይመዘገቡ ነበር። ጋዜጦች ጆን ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን ጣሊያን አድርገው ሣሉ። ጆ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። በኋላ ሕይወቱን ሲተርክ፣ ሰዎች ልምምድ ወደሚያደርግበት ፖምፕተን ሌክስ መጥተው ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሙሶሊኒ እንደነገሩት፣ ሸክሙም እንደከበደው ተናግሯል። አላባማ ተወልዶ ዲትሮይት ያደገ ወጣት፣ ያላያትን አገር ጫንቃው ላይ ጭነውለት ሪንግ ላይ ወጣ።

ፖሊስ ብጥብጥ ፈርቶ ስታዲየሙን ከቦ ነበር። አስተዋዋቂው ከግጥሚያው በፊት ሕዝቡ በስፖርት መንፈስ እንዲያይ ለመነ። ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው ነበር። ጆ 89 ኪሎ፤ ወደ ሠላሳ ኪሎ ይበለጣል። ገና ከመጀመሪያው የካርኔራን ከንፈር አደማ። ብላክበርን ያስተማረው ሁሉ ታየ፤ ከታች ሆድ፣ ከዚያ አገጭ። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ዳኛው አርተር ዶኖቫን ግጥሚያውን አቆመው። የሃርለም መንገዶች በሰው ተሞሉ።

ያን ምሽት ከሜዳው በጣም ርቀው የነበሩትም አልረሱትም። ደራሲዋ ማያ አንጀሉ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስታምፕስ በምትባል የአርካንሳስ ከተማ፣ አያቷ ሱቅ ውስጥ። ትልቅ ሰው ሆና በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፣ ሰው ሁሉ ሱቁ ውስጥ ተጠጋግቶ በሬዲዮ ጆ ሉዊስን ከካርኔራ ጋር ሲያዳምጥ ታሳየናለች። ጆ ገመዱ ላይ ሲደገፍ ሱቁ ትንፋሹን ይይዛል። ካሸነፈ በኋላ የሚደረገውን ስታስታውስ ነው ልብ የሚነካው፤ ቤታቸው ሩቅ የሆኑት እዚያው ከተማ ለማደር አስቀድመው ተሰናድተዋል። ጆ ሉዊስ ባሸነፈበት ሌሊት ጥቁር ሰው በገጠር መንገድ ብቻውን መገኘት አይገባውምና።

እነዚያ በሱቁ ውስጥ የተጠጋጉት ሰዎች ጆን አይተውት አያውቁም። አግኝተነዋል ቢሉ ግን አምናቸዋለሁ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ብቻ አልፎ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ያልተሸነፈው ጆ ሉዊስ በያንኪ ስታዲየም ከጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ጋር ገጠመ። ሽሜሊንግ የጆን ግጥሚያዎች በፊልም አጥንቶ፣ ግራ እጁን ሰንዝሮ ሲመልስ ዝቅ እንደሚያደርገው አይቶ ነበር። በዚያች ክፍተት ቀኙን ደጋግሞ ላከ። በአሥራ ሁለተኛው ዙር ጆ በዝረራ ተሸነፈ።

ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ ያን ምሽት በሃርለም ጎዳና ሲሄድ ጎልማሶች እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ፣ ሴቶችም የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይዘው እንዳየ ጽፏል። ዘፋኟ ሊና ሆርን ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ፤ ሲንሲናቲ ውስጥ ከኖብል ሲስል ባንድ ጋር ትዘፍን ነበር። በዘፈኖቹ መሃል ከመድረክ ጀርባ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እሷም የባንዱ ሰዎችም አለቀሱ። እናቷ፣ ሰውየውን አታውቂውም፣ ምን ሆነሽ ነው ብላ ተቆጣቻት። ሊና እንደምታስታውሰው የሁላችንም ነው ብላ መለሰች። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኔ 23፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ሃርለም ውስጥ በዚያ ሰኔ ሁለት ሐዘን በአንድ ቤት ነበር።

ብዙዎቹ የጆ ትልልቅ ምሽቶች በሰኔ ነው የዋሉት። ሰኔ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ ጂም ብራዶክን በስምንተኛው ዙር ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ፣ በዚያው በሰኔ 15፣ ሽሜሊንግን እንደገና አገኘው። ሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ብቻ ፈጀ። ሽሜሊንግ ራሱ ናዚ እንዳልነበረ፣ ከወራት በኋላም በርሊን ውስጥ ሁለት የአይሁድ ልጆች ደብቆ እንዳተረፈ ማስታወስ ተገቢ ነው። በዚያ ሌሊት ግን እሱም የሂትለር ሰው ተደርጎ ነበር የታየው።

በዚያው ምሽት በጆርጂያ ገጠር፣ አርቸሪ በምትባል መንደር፣ የኦቾሎኒ ገበሬ የሆነ ነጭ ሰው ቤት ጥቁር ጎረቤቶቹ ሬዲዮውን እንዲያሰማቸው ሊለምኑት መጡ። ሬዲዮውን መስኮት ላይ አስቀመጠላቸው፤ እነሱ ውጪ ዛፍ ሥር ቆመው ሰሙ። ግጥሚያው ወዲያው አለቀ። አንድም ሰው ድምፁን አላሰማም። እግዚአብሔር ይስጥልን ብለው በጨዋ ደንብ ተሰናበቱ፣ የባቡር ሐዲዱን ተሻግረው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ በሩ ተዘጋ። ከዚያ ብቻ ነው ጩኸቱና ሆታው የፈነዳው። መስኮቱ አጠገብ ሆኖ ይህን ያየው የገበሬው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጂሚ ካርተር፣ ፕሬዚዳንት ለመሆን ሲወዳደር ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጻፈው። በእኔ ግምት ስለ ጆ ሉዊስ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጣል። የተደሰተ ሰው ደስታውን ተሸክሞ ሐዲድ ሲሻገር ማየት ነው።

ብላክበርን እያረጀ ነበር። መገጣጠሚያውን ያመዋል፣ የሪንጉን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ጥር 1942 ጆ ከበዲ ቤር ጋር ሊጋጠም ሲል ሽማግሌው ልወጣ አልችልም አለው። ጆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ውጣልኝ፣ ሁለተኛ መውጣት አያስፈልግህም ብሎ ቃል ገባለት ይባላል። ቤርን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ያ ሁለቱ አብረው ሪንግ ላይ የቆሙበት የመጨረሻ ምሽት ሆነ፤ ብላክበርን በሚያዝያ ሞተ። ጆ ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ ወታደሮችን ለማበርታት በየሰፈሩ ሲዞር አብሮት የሚዞረው ያ ቦርሳ ተሸካሚ ልጅ፣ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ነበር።

በ1949 ጆ ዘውዱን ሳይነጠቅ ተወ፤ ሃያ አምስት ጊዜ ጠብቆታል። የግብር ዕዳ ግን አሳደደው፤ በዕዳው ምክንያት ተመልሶ ወደ ሪንግ ገባ። ጥቅምት 1951 ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ከገመዶቹ መሃል አውጥቶ ጣለው። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ካለቀሱት አንዱ ሮቢንሰን ነበር። ማርሲያኖ ራሱ መጥቶ አጽናናው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሉዊቪል ውስጥ ካሲየስ ክሌይ የሚባል ልጅ እያደገ ነው። በ1954 ብስክሌቱ ተሰረቀ፤ ሌባውን እደበድበዋለሁ ብሎ ሲያለቅስ ጆ ማርቲን የሚባል ፖሊስ መጀመሪያ መምታት ተማር ብሎ ጂሙ ውስጥ አስገባው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ወደፊት አሰልጣኙ የሚሆነው አንጀሎ ደንዲ ቦክሰኛውን ዊሊ ፓስትራኖን ይዞ ወደ ሉዊቪል መጣ። ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከታች ሆኖ ስሙን፣ ድሉን፣ ወደፊት የሚያገኘውን ሜዳሊያ ሁሉ ዘርዝሮ ላነጋግራችሁ እፈልጋለሁ አለ። ደንዲ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ አንድ እብድ ልጅ ነው አለ፤ ፓስትራኖ ቴሌቪዥኑ አይረባም፣ ይምጣ አለ። ክሌይ ወንድሙን አስከትሎ ወጣና ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠየቃቸው፤ ስንት ኪሎሜትር ትሮጣላችሁ፣ ምን ትበላላችሁ። ደንዲ ያን ዕለት ስልኩን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ የቦክስ ታሪክ ምን ይመስል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሌላው በር ግን አልተከፈተለትም። በ1960 ወደ ሮም ኦሎምፒክ ሲሄድ በኒው ዮርክ አለፈ። ሃርለም ሄዶ የሹገር ሬይ ሮቢንሰን ቡና ቤት ፊት ለፊት ቆመ። የሚያልመው ሰው እሱ ነው፤ እግሩ፣ ፀጉሩ፣ ያ ሮዝ ካዲላኩ። ሰዓታት ጠበቀ። ሮቢንሰን ሲመጣ ተጠግቶ የልቡን ነገረው፤ ሮቢንሰን ሥራ ላይ ነኝ፣ ሌላ ጊዜ ብሎ አለፈው። የጆ ሉዊስን ቦርሳ የተሸከመው ልጅ ነው እንዲህ ያለው። ክሌይ ተሰበረ። እኔ ትልቅ ሰው ስሆን ፊርማ የጠየቀኝን ሰው በጭራሽ አልመልስም ብሎ ለራሱ ማለ።

ሮም ላይ ነሐሴ 30 ቀን 1952 ዓ.ም. የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቀ። በአምስተኛው ቀን በዚያችው ከተማ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ፤ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት በነበረው ጎዳና አልፎ። የካርኔራ ምሽት ሃያ አምስት ዓመት ሞላው።

ክሌይ መሐመድ ዓሊ ከሆነ በኋላም መሐላውን ጠበቀ። በ1970ዎቹ በፔንሲልቫኒያ ኮረብታ ላይ ዲር ሌክ የሚባል የልምምድ ሰፈር ሠራ። ማንም ሰው መጥቶ ማየት ይችል ነበር። በግቢው ትልልቅ ቋጥኞች ላይ የቀደሙት ቦክሰኞች ስም ተጽፎ ነበር፤ ጆ ሉዊስም አንዱ ነው። ልጆች ቋጥኙ ላይ ወጥተው ፎቶ ይነሳሉ፣ ዓሊ መጥቶ በቡጢ የሚመታቸው እየመሰለ ያሯሩጣቸዋል። የፈረመው ወረቀት ብዛት ተቆጥሮ አያልቅም።

ኤዲ ፈች በዚህ ጊዜ በጭብጨባው ሌላኛው በኩል ነበር። በዲትሮይት፣ ከዚያም በሎስ አንጀለስ፣ ቀን የቀን ሥራ እየሠራ ማታ ቦክሰኞች ሲያሠለጥን ኖሯል። በ1966 አካባቢ የቦክሰኛው የጆ ፍሬዘር አሰልጣኝ ያንክ ደርሃም ምክር እንዲሰጥ ጠራው። ፈች የብሩስተር ዓይኑን ወደ ዓሊ አዞረ። ዓሊ አፐርካት ሲልክ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አየ፤ ያን ጊዜ የግራ ሁክ ይገባል። መጋቢት 1971 በኒው ዮርክ ፍሬዘር ዓሊን በአሥራ አምስተኛው ዙር በግራ ሁክ ጣለው፤ በነጥብም አሸነፈ። በ1973 ለኬን ኖርተን ሌላ ነገር ነገረው፤ ዓሊ ጃብ ሲልክ አንተም በዚያችው ቅጽበት ላክ፣ ቀኝ እጁ ሊጠብቀው የሚገባው ቦታ ላይ የለም። ኖርተን ሳን ዲዬጎ ላይ የዓሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈ። ዓሊን ካሸነፉት ሰዎች ጀርባ ያ ጸጥተኛ ሽማግሌ ነበር፤ መነጽር ያደረገ፣ ግጥም የሚወድ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ።

ከዚያ ማኒላ መጣ፤ ጥቅምት 1 ቀን 1975። ግጥሚያው ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲባል ከረፋዱ በአራት ሰዓት ከአርባ አምስት ተጀመረ። አዳራሹ ምድጃ ነው። ዓሊ መጀመሪያ ላይ በረታ፤ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ፍሬዘር ገብቶ የዓሊን ጎን፣ ወገብ፣ ዳሌ ደበደበ። አሥር ዙር ሲሞላ ማን እንደሚያሸንፍ ማንም አያውቅም። በአሥራ ሦስተኛው የፍሬዘር የአፍ መከላከያ ወደ ተመልካች ተወረወረ። በአሥራ አራተኛው ዓሊ የሚልካቸውን ቡጢዎች ፍሬዘር አያያቸውም። የግራ ዓይኑ ለዓመታት በሞራ የደከመ ነበር፤ አሁን የቀኙ አብጦ ተዘጋ። ዕውር ሆኖ ነበር የሚዋጋው።

ደወል ሲመታ ፍሬዘር ወደ ማዕዘኑ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሦስት ደቂቃ ብቻ ቀርቷል። ተቃራኒው ማዕዘን ላይ ዓሊም ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ፈች ግን ወደዚያ አልነበረም የሚያየው። በሪንግ ውስጥ ተመትተው የሞቱ ቦክሰኞችን በሕይወቱ አይቷል፤ ፍሬዘር ደግሞ የልጆች አባት ነው። አቆማለሁ አለው። ፍሬዘር እንቢ ብሎ ሊነሳ ሞከረ። ፈች ተቀመጥ ልጄ፣ አብቅቷል፣ ዛሬ እዚህ ያደረግኸውን ማንም አይረሳውም አለውና ለዳኛው ምልክት ሰጠ። በዚህች ውሳኔ ዕድሜ ልኩን ሲከራከሩት የኖሩ አሉ። እኔ ያን ቅጽበት ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የብሩስተሩ ልጅ ነው፤ ከጆ ሉዊስ ቡጢ ሥር ቆሞ፣ ስንት መቀበል እንደሚቻልና የት ላይ ማብቃት እንዳለበት በገዛ አካሉ የለካ።

ጆ ሉዊስ በእነዚያ ዓመታት ላስ ቬጋስ ነበር። ሲዛርስ ፓላስ በሚባለው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ተቀጥሮ የሚመጣውን ሰው እየጨበጠ ይውል ነበር። አንዳንዶች ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ሰዎች ግን ጨብጠውት ወደ ከተማቸው ተመልሰው ለልጆቻቸው አወሩ። ሚያዝያ 11 ቀን 1981 በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የላሪ ሆምስን ግጥሚያ ለማየት መጣ፤ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበለት። በማግስቱ ሞተ። ፕሬዚዳንት ሬገን ደንቡን አንስተውለት በአርሊንግተን የጀግኖች መቃብር አረፈ። ከቀብር ወጪው የከፈለው አንዱ ማክስ ሽሜሊንግ እንደነበር ይነገራል።

ፈች ግን ገና አልጨረሰም። በላስ ቬጋስ ጂም ውስጥ በእሱ ሥር ካደጉት አንዱ ፍሬዲ ሮች የሚባል የቦስተን አካባቢ ልጅ ነበር። ሮች ብዙ ተመትቷል። ፈች አንድ ቀን አስቀምጦ አቁም፣ ይበቃሃል አለው፤ ለፍሬዘር ያለውን ማለት ነው። ሮች አልሰማውም። ፈች አላሠለጥንህም አለና ተወው፤ ሮች ግን ተጨማሪ ግጥሚያዎች አደረገ። በ1986 ሲያቆም ዘግይቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ፈች ልክ ነበር ብሎ ሮች ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ቦክስ ካቆመ በኋላ ተመልሶ ወደ ፈች ሄደ፣ ያለ ደመወዝ ፎጣ እየያዘ፣ ውሃ እየቀዳ ሥራውን ከሥር ተማረ። ፈች በ1992 የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሪዲክ ቦን የዓለም ሻምፒዮን አደረገ።

በ2001 ሮች በሎስ አንጀለስ የራሱን ጂም ከፍቶ ነበር። አንድ ቀን የሃያ ሁለት ዓመት ፊሊፒናዊ መጣ፤ እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ማንም አያውቀውም። አንድ ዙር ብቻ ፓድ እንዲይዝለት ጠየቀ። ማኒ ፓኪያው ይባላል። ዙሩ ሲያልቅ ልጁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄዶ አዲስ አሰልጣኝ አገኘን አለ፤ ሮችም ለራሱ ሰዎች ይህ ልጅ ቦክሰኛ ነው አላቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኤዲ ፈች በዘጠና ዓመቱ አረፈ።

ሮችን ፓድ ይዞ ያዩት ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። ቆሞ ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፓዱን አጥልቆ ቡጢው መምጣት ሲጀምር መንቀጥቀጡ ይቆማል።